የርቀት ሕክምና በነቀምቴ፦ ከሳተላይቱ መስመር እስከ ሴፕሲስ ሰዓት

በ1999 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2007) ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ በአፍሪካ የርቀት ሕክምና ታሪክ ውስጥ የራሷን ሥፍራ ያዘች። የህንድ መንግሥት ለአፍሪካ አገሮች ያቀደው የቴሌ ትምህርትና የቴሌሜዲሲን መረብ የሙከራ ሥራውን በኢትዮጵያ ሲጀምር ለሕክምናው ዘርፍ የተመረጡት ሁለት ሆስፒታሎች ነበሩ። አንደኛው በዋና ከተማዪቱ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሲሆን፣ ሁለተኛው የወለጋው የነቀምቴ ሆስፒታል ነው። በመስመሩ ሌላ ጫፍ ደግሞ በሃይደራባድ ከተማ የሚገኘው ኬር ሆስፒታል ነበር። በዚህም መሠረት በወለጋ የሚሠራ ሐኪም የሕሙማኑን ምስልና የምርመራ ውጤት በህንድ ለሚገኝ ስፔሻሊስት የሚያሳይበት መንገድ ተከፈተ።

ይህ ክስተት በጊዜው እንደ ታላቅ የቴክኖሎጂ ዕርምጃ መታየቱ ተገቢ ነበር። ሆኖም ከዓመታት በኋላ ሲመረመር አንድ ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። በሌሊት በቃሬዛ ተጭኖ፣ ትኩሳት አቃጥሎት፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ ወደ ድንገተኛ ክፍል ለሚደርስ የሴፕሲስ ሕመምተኛ ይህን የመሰለ መስመር ምን ፋይዳ አለው? ለጥያቄው መልስ ለማግኘት የወለጋን የሕክምና ታሪክ፣ የርቀት ሕክምናን አመጣጥና ስለ ሴፕሲስ ያለውን ዕውቀት ዕድገት ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

ሐኪም ፍለጋ በወለጋ

በወለጋ የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ ከርቀት ጋር የተሳሰረ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. መላውን አገር ያጠቃው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ የሰየመው፣ ምዕራቡንም አልማረም ነበር። በወቅቱ የአካባቢው ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሐኪም ፍለጋ የተመለከቱት ወደ አዲስ አበባ ሳይሆን ወደ ሱዳን ነበር። በሱዳን በሚሲዮን ሥራ ላይ የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 በጋምቤላ በኩል ወጥቶ ሳዮ፣ ማለትም የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ ደረሰ። እንግዲህ ለምዕራብ ወለጋ ሰው በዚያን ጊዜ ቅርቡ ሐኪም ከድንበር ማዶ የሚኖር ሐኪም ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የስዊድን ሚሲዮን በነቀምቴ፣ የጀርመን ሚሲዮን በአይራ፣ የአድቬንቲስት ሚሲዮንም በጊምቢ የሕክምና አገልግሎት አቋቋሙ። በእነዚህ ተቋማት መጀመሪያ ዘመን ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ገብቶ ሰውነትን ሲያናውጥ በሐኪሙ እጅ የነበረው መሣሪያ ጥቂት ነበር። መግልን ሰንጥቆ ማፍሰስ፣ ቁስልን ማጠብ፣ የሞተ ሥጋን ቆርጦ ማውጣት፣ የቀረውንም ለሕመምተኛው ጉልበት መተው ነበር። ፔኒሲሊን ለሕክምና የዋለው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በመሆኑ ከጣሊያን ወረራ በፊት የነበረ ሐኪም አጠገብ ቢገኝም እንኳ የሚሰጠው ተስፋ ውሱን ነበር።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሌላ አቅጣጫ አሳየ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መላክ ጀመረ። የዚህ አሠራር መሠረተ ሐሳብ ግልጽ ነበር። ሐኪም በየወረዳው እስኪዳረስ መጠበቅ ስለማይቻል፣ ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ ማን እንደሆነ ለይቶ ያንን ባለሙያ ማብቃት ይገባል የሚል ነበር። ይህ አስተሳሰብ በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እንደገና ታድሶ ታይቷል። የርቀት ሕክምናም ሲመዘን በዚሁ ሚዛን መመዘን ይኖርበታል።

ሽቦ፣ ሬዲዮና የመድኃኒት ሣጥን

ድምፅን ከሰው አስቀድሞ መላክ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አልነበረም። ስልክ በአገሪቱ ሥራ የጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 እንደሆነ ይታወቃል። ነገር ግን የስልኩ መስመር ለረጅም ዘመን ያገለገለው ለአስተዳደርና ለንግድ እንጂ ለሕሙማን አልነበረም።

ድምፅን ለሕክምና በማዋል ረገድ ብዙ የተጻፈለት ምሳሌ የአውስትራሊያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በዚያች አገር ሰፊ በረሃ ሐኪምን በአውሮፕላን የሚያደርስ አገልግሎት ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት አልፍሬድ ትሬገር የተባለ መሐንዲስ በእግር እየተረገጠ የራሱን ኃይል የሚያመነጭ ሬዲዮ አቀረበ። መብራት በሌለበት የከብት እርባታ ጣቢያ የሚኖር ቤተሰብ ፔዳሉን እየረገጠ ሐኪሙን ማነጋገር ቻለ። ሆኖም ብዙም ሳይቆይ አንድ ጉድለት ታየ። ሐኪሙ በሬዲዮ የሚያዘው መድኃኒት በጣቢያው ውስጥ ካልኖረ ምክሩ ከምክርነት አያልፍም ነበር። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1942 መድኃኒቶቹ በቁጥር የተለዩበት፣ በሁሉም ጣቢያ አንድ ዓይነት የሆነ የመድኃኒት ሣጥን ተዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም ሳይሆን ቁጥሩን መናገር ብቻ በቂው ሆነ።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር በሬዲዮው ውስጥ ሳይሆን በሣጥኑ ውስጥ ይገኛል። ድምፅ ሲደርስ መድኃኒቱ ቀድሞ ደርሶ መጠበቅ አለበት። በመስመሩ ሁለት ጫፍ ያሉት ሰዎችም ስለ አንድ ነገር በአንድ ቋንቋ መነጋገር ይኖርባቸዋል። ከሰማንያ ዓመት በኋላም ከዚህ የተሻለ የርቀት ሕክምና መርሕ ማግኘት ያዳግታል።

የነቀምቴው መስመር

በኢትዮጵያ የቴሌሜዲሲን ሙከራ የተጀመረው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድጋፍ ጥቁር አንበሳን ከአሥር የክልል ሆስፒታሎች ጋር ለማገናኘት ታስቦ ሥራ ተጀመረ። ትኩረቱም ራጅን ማንበብ፣ የቆዳ በሽታን መለየትና የፓቶሎጂ ናሙናን መመልከት ነበር። እነዚህ ሦስቱ ዘርፎች የተመረጡበት ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም። ሦስቱም በምስል ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ምስሉ ዛሬ ተልኮ መልሱ በማግሥቱ ቢመጣ ብዙ ጊዜ ጉዳት አያስከትልም።

የህንዱ ዕቅድ ከዚህ የሰፋ ነበር። የያኔው የህንድ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም በመስከረም 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) በጆሃንስበርግ ለፓን አፍሪካ ፓርላማ ባደረጉት ንግግር አህጉሪቱን በሳተላይትና በፋይበር ኦፕቲክ መስመር ከህንድ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኝ መረብ እንደሚዘረጋ አስታወቁ። ለሥራው የተመደበው ገንዘብ 117 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። የሙከራው ምድብ በኢትዮጵያ ሲጀመር በትምህርቱ ዘርፍ አዲስ አበባና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በሕክምናው ዘርፍ ደግሞ ጥቁር አንበሳና ነቀምቴ ገቡ። ከዚያም መረቡ በየካቲት 2001 ዓ.ም. በይፋ ተመርቆ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። የመረቡ ማዕከላዊ ጣቢያ በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር የተተከለ ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ 48 የአፍሪካ አገሮች አባል ሆነዋል።

በነቀምቴ መመረጥ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። አብዛኛው የቴሌሜዲሲን ሙከራ ዋና ከተማን ከዋና ከተማ የሚያገናኝ በነበረበት ጊዜ ከአንድ የገጠር ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ጋር መሥራት ትክክለኛ ምርጫ ነበር። የመረቡ ዲዛይን ግን ለቀጠሮ ምክክር የተሠራ ነበር። ለእያንዳንዱ አገር የታሰበው የቀጥታ ምክክር በቀን አንድ ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ ያለው አገልግሎት መረጃ ልኮ መልስ መጠበቅና ተከታታይ የሕክምና ትምህርት መከታተል ነበር። ይህ ለልብ በሽታ ክትትል፣ ለካንሰር ውሳኔ፣ ለአስቸጋሪ የነርቭ ሕመም ምክክር ተስማሚ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የደም ግፊቱ ለወደቀ ሕመምተኛ ግን የነገው ቀጠሮ ሊጠቅመው አይችልም።

የመጀመሪያው መረብ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘመኑን ፈጸመ። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተና በአብዛኛው ለትምህርት የተዘጋጀ ሌላ ፕሮግራም ተካው። የሳተላይት ዲሹና የቪዲዮ ክፍሉ ዘመን በዚህ መልክ ተዘጋ።

ሴፕሲስና ሰዓቱ

ሴፕሲስ የሚለው ቃል ከጥንታዊ ግሪክ የመጣና መበስበስን የሚያመለክት ነው። በአገራችን የደም መመረዝ እየተባለ የቆየ ሲሆን፣ በቤተሰብ ደረጃ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ስም ይጠራል። ለአብነት ያህል፣ በወለደች በአራተኛ ቀኗ ብርድ ብርድ ያላትን፣ ሰውነቷ የጋለን አራስ ማሰብ ይቻላል። ቤተሰቡ ምች መታት ብሎ ዳማከሴ ያሽላታል። በአምስተኛው ቀን ስትቃዥ ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰዳለች። ወደ ሆስፒታል ሪፈር ስትባል መንገዱ ገና ይጀምራል። የዚህች እናት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1847 ኢግናዝ ሰመልዋይስ በቪየና እጅ በማስታጠብ ከቀነሰው የአራስ ትኩሳት የተለየ አይደለም። የሚለየው የሚገድልበት ቦታ ነው።

የሕክምናው ዓለም ለሴፕሲስ አንድ ትርጓሜ ለመስጠት የተስማማው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያው የጋራ ትርጓሜ እ.ኤ.አ. በ1991 በተደረገ ስብሰባ የወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሦስተኛው ትርጓሜ ሴፕሲስን ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ሥርዓቱን ስቶ የራሱን የአካል ክፍሎች ሲጎዳ የሚከሰት፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ አድርጎ ገልጾታል። በ2020 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በ2017 ብቻ 48.9 ሚሊዮን ሰዎች በሴፕሲስ እንደተያዙና 11 ሚሊዮን ያህሉ እንደሞቱ ገምቷል። ይህም በዓለም ላይ ከሚሞቱ አምስት ሰዎች አንዱ ማለት ነው። ከባዱ ሸክም የወደቀውም ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ላይ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ ሴፕሲስን የዓለም የጤና ቀዳሚ ጉዳይ የሚያደርገውን ውሳኔ ያሳለፈው በግንቦት 2009 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ሆነው የተመረጡትም በዚያው ጉባኤ ላይ ነበር።

በሴፕሲስ ሕክምና ዋናው ነገር ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የሰሜን አሜሪካ ጥናት በሴፕቲክ ሾክ ላይ ባሉ ሕሙማን የደም ግፊት ከወደቀ በኋላ ትክክለኛው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት በዘገየ ቁጥር የመዳን ዕድል በአማካይ በ7.6 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ መመሪያም ሾክ ላለበት ሕመምተኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሾክ ሳይኖር ሴፕሲስ ለተጠረጠረበት ደግሞ ፈጣን ምርመራ ተደርጎ በሦስት ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ እንዲሰጥ ይመክራል።

ይህ ሰዓት በወለጋ መንገድ ላይ ሲለካ ትርጉሙ ይጎላል። ጊምቢ ከነቀምቴ በስተምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደምቢ ዶሎ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከቤጊ ወይም ከመንዲ ገጠር የተነሳ ሕመምተኛ ዋናው መንገድ ላይ ከመድረሱ በፊት ሰዓቱ አልፏል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልክ አንቲባዮቲክ በሪፈራል ሆስፒታል እንዲሰጥ መጠበቅ በተግባር እንዳይሰጥ ከመወሰን አይለይም።

የሩቅ መመሪያና የቅርብ ማስረጃ

ሰዓቱን ማወቅ አንድ ነገር ሲሆን፣ በሰዓቱ ውስጥ ምን መደረግ እንዳለበት ማወቅ ሌላ ነው። በዚህ ረገድ ያለፉት ሁለት አሥርተ ዓመታት ለአፍሪካ ሐኪሞች ከባድ ትምህርት ሰጥተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2001 በዲትሮይት በአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል የተደረገ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት በልኬት የተመራ ፈሳሽ፣ የግፊት መድኃኒትና ደም መስጠት የሞትን መጠን ከ46.5 ወደ 30.5 ከመቶ ዝቅ እንዳደረገ ገለጸ። የዓለም ሆስፒታሎች ይህን አሠራር ተከተሉ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና ኒው ዚላንድ እንዲሁም በብሪታንያ የተደረጉ ሦስት ትላልቅ ጥናቶች ግን ያ ውስብስብ አሠራር ከመደበኛው ጥሩ ሕክምና እንደማይበልጥ አረጋገጡ።

ከዚህ ይልቅ ለኢትዮጵያ የሚቀርቡት ሁለቱ የአፍሪካ ጥናቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዩጋንዳ 3141 ሕፃናትን ያሳተፈ ጥናት ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም ለታየባቸው ሕፃናት ፈሳሽን በፍጥነት በደም ሥር መስጠት ሞትን እንደሚጨምር አሳየ። በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት በፍጥነት ፈሳሽ ከተሰጣቸው መካከል 10.5 ከመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው መካከል 7.3 ከመቶ ነበሩ። በተቅማጥ ፈሳሽ የጎደላቸውና በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት በጥናቱ እንዳልተካተቱ ልብ ይሏል። ከስድስት ዓመት በኋላ በዛምቢያ አዋቂዎች ላይ የተደረገው ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አመጣ። የደም ግፊታቸው ዝቅ ካለ የሴፕሲስ ሕሙማን መካከል ፈሳሽንና የግፊት መድኃኒትን አስቀድሞ በሚያዝዘው ፕሮቶኮል ከታከሙት 48.1 ከመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው አሠራር ከታከሙት የሞቱት 33 ከመቶ ነበሩ። ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም።

እነዚህ ቁጥሮች ለርቀት ሕክምና ያላቸው ትርጉም ከፍተኛ ነው። ሰው ሠራሽ መተንፈሻና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለበት ከተማ የተቀመጠ አማካሪ ለራሱ ሆስፒታል ትክክል የሆነውን ትእዛዝ በመስመሩ ቢልክ፣ በሌላው ጫፍ ሳንባው ፈሳሽ ሲሞላ የሚረዳው መሣሪያ የሌለውን ሕመምተኛ ሊጎዳው ይችላል። ስለሆነም ምክር የሚሰጠው ሰው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የሥፍራው ዕውቀትም ያስፈልገዋል። የጤና ጣቢያው ኦክስጅን አለው? ሴፍትሪያክሶን በመደርደሪያው ላይ አለ? ወባ በአካባቢው ተነሥቷል? እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ሲመዘገቡ፣ ከሁሉም የበለጠ ቁጥር የታየው በኦሮሚያ ክልል ነበር። በዚህ ዓይነት ወቅት የወባ ምርመራው ታይቶ ነገሩ የሚዘጋ ከሆነ ከወባው ጎን ያለው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሊታለፍ ይችላል። ከወባው ጋር ሴፕሲስንም እንዲጠረጥር ባለሙያውን የሚያሳስበው የአካባቢውን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ነው።

በሌላ በኩል ከቅርብ ዓመታት ጥናቶች ለገጠር ባለሙያ የሚያጽናና ነገር ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የላቲን አሜሪካ ጥናት የሾክ ሕክምናን በላክቴት ምርመራ ከመምራት ይልቅ ጣትን ተጭኖ ደሙ የሚመለስበትን ጊዜ በመቁጠር መምራት የከፋ ውጤት እንደማያመጣ አመልክቷል። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት በላክቴት ከተመሩት 43.4፣ በጣት ምርመራው ከተመሩት 34.9 ከመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ባይጸናም ቁም ነገሩ ግልጽ ነው። ጣት፣ ሰዓትና ብርሃን ላለው ነርስ የሚቻለው ይህ ምልክት በተራ ስልክ ሊነገር ይችላል። የአተነፋፈስ ቁጥር፣ የደም ግፊት፣ የአእምሮ ንቃት፣ የሽንት መጠንም እንደዚሁ ናቸው።

በበለጸገው ዓለም የገጠር ድንገተኛ ክፍሎችን በቪዲዮ የማማከር ሥራ ከነቀምቴው መስመር ጋር በተቀራራቢ ዘመን ተጀመረ። በአሜሪካ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2003 በገጠር ሆስፒታሎች የሚሠሩ ከፍተኛ ነርሶችን ከድንገተኛ ሐኪሞች ጋር አገናኘ። በኋላም በማዕከላዊ አሜሪካ ግዛቶች በሚገኙ የገጠር ድንገተኛ ክፍሎች የሴፕሲስ ሕሙማንን በተመለከተ የተደረገ ጥናት፣ የቪዲዮ ምክክር የተደረገላቸውና ያልተደረገላቸው ሕሙማን በአጠቃላይ ውጤታቸው ግልጽ ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። ይህ ውጤት የርቀት ሕክምናን ከንቱ አያደርገውም። በዚያ ያሉት የገጠር ሆስፒታሎች አስቀድመው መድኃኒት፣ ላቦራቶሪና አምቡላንስ የተሟላላቸው በመሆናቸው መስመሩ የሚጨምረው ጥቂት ነው ብሎ መገመት ይቻላል። መሠረቱ ባልተሟላበት ግን መስመሩ ብቻውን መሠረት ሊሆን አይችልም።

መስመሩ ሲቋረጥ

ወለጋ ስለ መስመር ዋጋ የተማረችው በመኖሩ ብቻ ሳይሆን በመጥፋቱም ነው። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ እስከ መጋቢት ማብቂያ ድረስ ሳይመለስ ቆየ። የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መኖሩ የተረጋገጠው መስመሩ ገና ሳይመለስ፣ በዚያው መጋቢት ወር ነበር።

ስልክ በሌለበት ወረዳ አምቡላንስ አይጠራም፤ የሪፈራል ሆስፒታሉ አልጋ እንዳለውና እንደሌለው ሳይታወቅ ሕመምተኛ ይላካል፤ ጀማሪ ባለሙያም የሚያማክረው ሰው ያጣል። የቴሌሜዲሲን ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚያወሱት ስለ ምስል ጥራትና ስለ መስመር ፍጥነት ነው። የዚያ ጊዜ ልምድ ግን ከሁሉ በፊት የሚመጣው የመስመሩ መኖር መሆኑን አስታወሰ። ከዚህም ጋር አንድ ሌላ ትምህርት አለ። መስመር ሊቋረጥ የሚችል ነገር ስለሆነ፣ መስመር በሌለበት ሰዓትም ባለሙያው የመጀመሪያውን ዕርምጃ በራሱ እንዲወስድ የሚፈቅድ ጽሑፍና ሥልጠና በእጁ ሊኖረው ይገባል። ደዋዩ እስኪፈቀድለት የሚጠብቅበት አሠራር ስልኩ ሲጠፋ ሕመምተኛውን ይዞ ይጠፋል።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

ያለፈው ታሪክ የሚያሳየው የርቀት ሕክምና ከተራቀቀ መሣሪያ ይልቅ ቀላል ነገር በዘለቄታ ሲሠራ መጥቀሙን ነው። በኢትዮጵያም ለዚህ ምሳሌ አለ። በኢትዮጵያ ሚሊኒየም መባቻ ላይ ፍቱን የተባለ ነፃ የስልክ መስመር ኤች አይ ቪን ለሚያክሙ የጤና ባለሙያዎች ተከፈተ። በጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ስለ መድኃኒት ለውጥ ወይም ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ደውሎ ይጠይቃል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ሐኪም የአገሪቱን መመሪያና በመጋዘን ያለውን መድኃኒት አውቆ ይመልሳል። ዲሽ አላስፈለገውም፤ ከአውስትራሊያው ሣጥን መርሕ ጋር ግን ይስማማል።

ለሴፕሲስም ሊታሰብ የሚገባው ይህን የመሰለ አሠራር ነው። በመጀመሪያ ደረጃ በየጤና ጣቢያው ሁልጊዜ የማይጠፉ ጥቂት ነገሮች መወሰን አለባቸው፤ የመርፌ አንቲባዮቲክ፣ የወባ መድኃኒት፣ ግሉኮስ፣ ኦክስጅን፣ የደም ግፊት መለኪያ። በሁለተኛ ደረጃ ሕመምተኛውን የሚያየው ነርስ ወይም የጤና መኮንን ከመደወሉ በፊት የመጀመሪያውን ልክ አንቲባዮቲክ እንዲሰጥ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። በሦስተኛ ደረጃ የስልኩ ምክክር ቅደም ተከተል ያለው መሆን አለበት። ዕድሜ፣ የትኩሳቱ ምንጭ፣ ትንፋሽ፣ ግፊት፣ ንቃት፣ የጣት ምርመራ፣ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ በዚሁ ተራ ይነገራሉ። መግል የሚፈስበት ወይም የእንግዴ ልጅ ቅሪት የሚጠረግበት ካለ ደግሞ ማንም ስልክ አይተካውምና መንገዱ ወዲያውኑ ይያዛል። በአራተኛ ደረጃ ስልኩን የሚያነሳው ሰው የወለጋን መንገድ፣ የወለጋን ወባና የወለጋን መደርደሪያ የሚያውቅ መሆን ይኖርበታል።

ይህን የመጨረሻውን ሚና ለመሙላት አገሪቱ ከ1999 ዓ.ም. ይልቅ ዛሬ የተሻለ አቅም አላት። በዚያ ዓመት በአገር ውስጥ የሠለጠነ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት አልነበረም። የስፔሻሊቲው ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲም የተመሠረተው መስመሩ ለነቀምቴ በተከፈተበት በዚያው ዘመን ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የራሱን ሆስፒታልና የሕክምና ትምህርት ይዞ አድጓል። ያኔ ከሃይደራባድ ይጠበቅ የነበረው ምክር ዛሬ ከነቀምቴ ሊመጣ ይችላል። የጊምቢ ወይም የነጆ ነርስ የምትደውልለት ሰው ሕመምተኛዋን በማግሥቱ ራሱ ሊቀበላት የሚችል ሐኪም ሲሆን ምክሩ ኃላፊነትም ይጨመርበታል።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላል የአገራችን ሰው። ደጃዝማች ብሩ በዘመናቸው የቅርብ ጎረቤት አላገኙምና ወደ ሱዳን ላኩ። የ1999ኙም መስመር በዘመኑ የነበረውን ክፍተት ለመሙላት ከህንድ ተዘረጋ። ሁለቱም በጊዜያቸው አግባብ ነበሩ። በአራተኛ ቀኗ የምትቃዠው አራስ ግን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት አጠገቧ ያለችው ነርስ ምልክቱን ማወቋ፣ መርፌው በእጇ መኖሩና ለመስጠት መፈቀዷ ነው። ስልኩ የሚረዳው ይህች ነርስ መርፌውን ከሰጠች በኋላ፣ ቀጥሎ ምን ላድርግ ብላ ስትጠይቅ የሚመልስላት ሲኖር ነው።